የለበጣ እንጨት

አባቴ የመኪናውን ዳሽቦርድ በጣቱ ቋ ቋ እያደረገ «ሙሉ እንጨት ነው» ይል ነበር። ለእንግዳ ይላል። ለመካኒክ ይላል። መንጃ ፈቃድ ለጠየቀው ትራፊክ ፖሊስም ብሏል። «ፕላስቲክ እንዳይመስልህ፤ ጀርመን እንጨት ጠርቦ ነው የሠራው።» እኛ ልጆቹ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ማገዶ ተደርድረን ራሳችንን እንነቀንቃለን። አምስት ነበርን። አንዳችንም ግን እንጨቱን በእጃችን ነክተነው አናውቅም። መንካት ክልክል ነበር።

ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ያወቅሁት አባቴ ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

መኪናዋ ማርቸዲስ 240 ዲ ናት። ፋብሪካው ደብልዩ 123 ይላታል። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ስትመረት ቆይታ ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ወጥታለች። ሞሮኮ ውስጥ ለስንት ዓመት የአገር አቋራጭ ታክሲ ሆና ኖራለች። የኛዋ እ.ኤ.አ. የ1982 ምርት ናት። አባቴ የኑግና የጤፍ ነጋዴ ነበር። በ1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወርዶ ከአንድ ሰው ገዛትና ዓባይን አሻግሮ ደብረ ማርቆስ ይዟት ገባ። ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ እንዳያት እናቴ እስከ ዛሬ ታወራለች።

ሞተሯ 72 የፈረስ ጉልበት ነው። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚገባችሁ ከጎሃ ጽዮን ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ከዚያ ያንኑ ያህል ሽቅብ። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትን ስንወጣ ኑግ የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፈን ነበር። አባቴ ግን አይናደድም። «እሱ ውስጡ ቆርቆሮ ነው» ይላል። ዳሽቦርዱን ቋ ቋ።

አባቴ ያረፈው በ2012 ዓ.ም. ነው። መኪናዋ ጓሮ፣ በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ በተመታ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆመች። አፍንጫዋ ወደ ምዕራብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በፊት መስታወቷ ትገባና ዳሽቦርዱ ላይ ትተኛለች። አራት ዓመት ሙሉ ተኛችበት።

አንድ ቀን ባትሪ ላስር ገብቼ አየሁት። ቫርኒሹ በሚያዝያ እንደ ደረቀ ዋልካ ተሰነጣጥቋል። በሾፌሩ በኩል ቡናማና ጥቁር መስመሩ እንዳለ ነው። በተሳፋሪው በኩል ግን ነጥቶ ገለባ መስሏል። ጠርዙ ተነስቶ፣ ሲያድር እንደሚጠቀለል የእንጀራ ጫፍ ወደ ላይ ታጥፏል።

እናቴ «ወይ ሽጣት ወይ አድናት» አለችኝ። «ዓይኔ እያየ አትበስብስ።»

ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ምን እንደ ደረሰባት ለማስረዳት አይቸግረኝም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አልትራቫዮሌት ጨረሩ ይበረታል። መስታወት የተወሰነውን ይይዛል፣ የቀረውን ያሳልፋል። ያለፈው የቫርኒሹን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች እየበጣጠሰ ያደርቀዋል። ቀን ዳሽቦርዱ እጅ ያቃጥላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል። እንጨቱ በራሱ መጠን ይለጠጣል፣ ብረቱ በራሱ፣ ቫርኒሹ በራሱ። አዲስ ቫርኒሽ አብሯቸው ይሄዳል። ያረጀው እምቢ ይላል፤ ይሰነጠቃል። እንጨቱንም ያነጣው ያው ብርሃን ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቄ ምን ያህል እንደ ጠቀመኝ ቀጥሎ ታያላችሁ።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። ከዚያ አንድም ነገር ከመንካቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ብሎኖቹን በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ እየከፋፈልኩ፣ ከየት እንደ ወጡ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት። ይህን ዘዴ ለማንም እመክራለሁ። ካቻቢቴ ይዞ መፍታት ማንም ይችላል፤ ጣጣው ስትገጥሙ ነው። የፕላስቲክ መያዣዎቹ ደግሞ 40 ዓመት ሲሞላቸው እንደ ቆሎ ነው የሚሰበሩት። የቱንም ያህል ብትጠነቀቁ ሁለት ሦስቱ ይሰበራሉ። አትናደዱ።

ከእንጨቱ ጀርባ ምን ተገኘ? የእስክሪብቶ ክዳን። ቀለሙ የጠፋ የነዳጅ ደረሰኝ። አንድ የእህቴ የጆሮ ጉትቻ። ያ ጉትቻ ጠፋ ተብሎ አምስታችንም ተገርፈንበታል። ለእህቴ ደውዬ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ግን «አንተ ነህ የደበቅከው» አለችኝ።

በመጨረሻ መተርኮሻውን አወጣሁ። አባቴ አጭሶ አያውቅም። መተርኮሻው የሳንቲም ቤት ነበር። ከደጀን ወደ ማርቆስ ስትመጡ፣ የትኖራ ላይ፣ ሉማሜ ላይ፣ ጥላ ዘርግተው ሥዕል ይዘው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑ ሰዎች መንገድ ዳር ይቆማሉ። አባቴ ለእነሱ ሳይሰጥ አያልፍም። የተረፈ ስሙኒና ሃምሳ ሳንቲም ሁሉ መተርኮሻው ውስጥ ይጠራቀማል። «የመንገድ ነው» ይላል። ለደስታ ከረሜላ ብለን አንድ ሁለት ለመስረቅ ብንሞክር ክዳኑ ያሳብቅብናል። ሲከፈት ቀጭ ይላል። አባቴ ግቢው ጫፍ ሆኖ ይሰማዋል። አሁንም ሳወጣው ሳንቲሞቹ ውስጡ ነበሩ።

ክዳኑን ነቅዬ ገለበጥኩት። ከጀርባው ብረት ነው።

አላመንኩም። ጠርዙን ከትምህርት ቤት ባመጣሁት ካሊፐር ለካሁት። እንጨት የተባለው ነገር ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። አምስት ወረቀት ቢደራረብ ነው። ያ ሁሉ ቋ ቋ፣ ያ ሁሉ ኩራት፣ አምስት ወረቀት። ትንሽ አዘንኩ። ትንሽም ሳቅሁ። ጎጃም ተወልዶ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ሰምና ወርቅን የማይጠቅስ ጸሐፊ የለም። እኔ አልጠቅስም።

አናጺዎች ቬኒር ይሉታል። በአማርኛ ለበጣ ነው። መቼም ቃሉ መጥፎ ስም ነው ያለው። የለበጣ ሳቅ እንላለን። ወርቅ ነው ተብሎ የተገዛ ቀለበት ሲፋቅ መዳብ ከወጣ የተለበጠ ነው እንላለን። ስለዚህ ያን ቀን ማታ ለእናቴ ልነግራት አፌ አልዞረም። ባሏ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በለበጣ ሲኮራ ኖረ ልበላት?

ነገሩ የሚያሳፍር እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቼ ነው። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም አርፎ አይቀመጥም። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ያውም በወርዱ ነው እንጂ በቁመቱ ይህን ያህል አይንቀሳቀስም። ክረምት ላይ አልዘጋ የሚል በር ያለው ሰው ይህን ያውቃል። ዳሽቦርዱ ላይ ሙሉ ሳንቃ ቢመታበት ኖሮ ዓመት ሳይሞላው ይጣመም፣ ይሰነጠቅ ነበር። ስስ ቅጠል ሆኖ ብረት ላይ ሲለበጥ ግን ብረቱ ይገራዋል። አንድ ግንድም ለስንት መኪና ይበቃል። ሙያውም የትናንት አይደለም። ከግብፁ ንጉሥ ከቱታንካሙን መቃብር በወጡ ዕቃዎች ላይ ዞጲ የሚባለው ጥቁር እንጨትና የዝሆን ጥርስ በስሱ ተለብጦ ተገኝቷል። ዞጲው ከግብፅ በስተደቡብ ካሉ አገሮች ነበር የሚሄድላቸው።

የእኛ መኪና እንጨት ዜብራኖ ይባላል። መስመሩ የሜዳ አህያ ስለሚመስል ነው። ዛፉ የሚበቅለው ጋቦን፣ ካሜሩንና ኮንጎ ውስጥ ነው። ይኸው «የጀርመን እንጨት» ያልነው አፍሪካዊ ሆኖ አረፈው። ከምዕራብ በኩል ካለ ጫካ ተቆርጦ፣ አውሮፓ ሄዶ በስሱ ተሸንሽኖ፣ ብረት ላይ ተለብጦ፣ በመርከብ ተመልሶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ማርቆስ ገባ። የኑግ ነጋዴ ደግሞ በጣቱ ቋ ቋ አደረገው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ጊዜው በክልላችን ኢንተርኔት የጠፋበት ወቅት ነበር። መንገዱም አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ትምህርቱም እንዲሁ። የተረፈኝ ነገር ቢኖር ጊዜ ነው። ዩቲዩብ ገብቶ ማየት የለም። ቢኖር ኖሮ ማንኛውም ሰው የሚነግረኝ የመጀመሪያ ነገር «ማሽን አታስጠጋ» የሚል ይሆን ነበር። እኔ ከሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት የማለስለሻ ማሽን ተዋስኩ። ትንሿን ክዳን ልለማመድባት ብዬ ጠረጴዛ ላይ አሰርኳት።

ቫርኒሹ እንደ ነጭ ዱቄት ቦነነ። ደስ አለኝ። ወዲያው አንድ ሽታ መጣ። ዜብራኖ ሲፋቅ ይሸታል፤ ያውም ጥሩ ሽታ አይደለም። የከረመ፣ የሻገተ ነገር ሽታ ነው። ምንድን ነው ብዬ ፊቴን ሳዞር የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ። ሲጥ አለ። ባነሳው ክዳኑ መሃል ላይ ስሙኒ የምታህል የምታብለጨልጭ አሉሚኒየም ቁጭ ብላለች። ዙሪያዋ ያለው እንጨት ሳስቶ የሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው።

እናቴ ቡና ይዛ ወጣች። እኔን አየችኝ። ክዳኑን አየችው። ምንም ሳትል ሲኒውን አጠገቤ አስቀምጣ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማሽኑን ልመልስ ስሄድ ሽማግሌው አናጺ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ክዳኑን ገና ከኪሴ አላወጣሁም።

«በላኸው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ጣት ለምን ተሰጠህ?»

ከዚያ አስቀምጠው አስተማሩኝ። የተሰበረ የመስኮት መስታወት አንስተው ጠርዙን ቁራጭ ጣውላ ላይ ሳብ አደረጉት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቅልል ተነሳ። ደግመው ሳቡት። ዱቄት የለ፣ ድምፅ የለ። «የብርጭቆ ወረቀት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው» አሉኝ። «የምትፍቀውን እያየህ ፋቅ። ነጭ ከሆነ ቫርኒሽ ነው። ቡናማ ማለት ሲጀምር የአባትህን ገንዘብ እየፋቅህ ነው፤ እጅህን አንሳ።»

በኬሚስትሪ ዲግሪ አለኝ። ይህን የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

ረጅሙን ቁራጭ ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ማታ ማታ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ ፈተና በማርምበት ጠረጴዛ ላይ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን። እንዲያውም የስልክ መብራት በጎን ሲበራ ጉድለቱን አጉልቶ ያሳያል። መስታወቱን ወደ ራሴ ዘንበል አድርጌ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ፣ በጣት በጣት እየለካሁ እሄዳለሁ። መስታወቱ ቶሎ ይደንዛል፤ ሌላ ስባሪ ይነሳል። ከዚያ በቡሽ ላይ የተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት፤ መጀመሪያ 240፣ ቀጥሎ 320። ሁልጊዜ በመስመሩ አቅጣጫ ብቻ። መስመሩን አቋርጣችሁ የጫራችሁት ጭረት ያኔ አይታይም። የሚታየው ቫርኒሽ ስትቀቡበት ነው። ያኔ ደግሞ ሌላ ነገር አይታያችሁም።

የተነሳው ጠርዝ የራሱ ጣጣ ነበረው። ልጫነው ስል ጭጭ ይላል፤ ደርቋል። የእናቴን ካውያ ለዘብ አድርጌ አሙቄ፣ እምብዛም ያልራሰ ጨርቅ በመሃል አግብቼ፣ ጥቂት ጥቂት ሰከንድ አሳረፍኩበት። ተለሳለሰ። ረጅሙ ቁራጭ ከላይኛው ቅጠል ሥር ሌላ ስስ የእንጨት ንጣፍ ስላለው ነጭ ኮላ ይይዘዋል። ኮላውን ከፋርማሲ በገዛሁት መርፌ ከሥሩ አስገባሁ። ፋርማሲዋ ውስጥ ያለችው ልጅ «ለከብት ነው?» አለችኝ። «ለማርቸዲስ» ስላት አልሳቀችም። ከላይ ፌስታል፣ ከፌስታሉ ላይ ሳንቃ፣ ከሳንቃው ላይ ሞርሳ። ፌስታሉን ከረሳችሁ ኮላው ሳንቃውንም ይዞ ይቀራል። እኔ አልረሳሁም። አንድ ጊዜ ብቻ። ሞርሳ የነበረኝ ሦስት ነው። የቀረውን ቦታ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የኬሚስትሪ መጻሕፍት ተጫንኩት።

ቀለሙን ማስተካከል እንደ ፈራሁት አልሆነም። ፀሐይ እንጨት የምታነጣው ከላይ ከላዩ ነው። ጥቂት ሲፋቅ ከሥሩ ዱሮ የነበረው ቡናማ ብቅ ይላል። ግን ያላችሁ ግማሽ ሚሊ ነው። ቀለም ፍለጋ ስትወርዱ ብረት ላይ ትወጣላችሁ። ስለዚህ መሃል ላይ አቆምኩ። የነጣውን በቲነር ባቀጠንኩት የእንጨት ቀለም፣ በጥጥ ጫፍ እየነካካሁ፣ ከጎረቤቱ ጋር አስታረቅሁት። አጥርታችሁ ካያችሁ አሁንም የተሳፋሪው በኩል ትንሽ ይፈካል። ይፍካ።

ማጠናቀቂያው የኔ ሥራ አይደለም። አንድ የመኪና ቀለም ቀቢ ወዳጅ አለኝ። ክሊር የሚሉትን ከማድረቂያው ጋር ደባልቆ ረጨልኝ። ዜብራኖ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ቫርኒሽ ይጠጣል። አንዴ ቀብታችሁ ሲደርቅ እንደ እንጀራ ዓይን ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይፋቃል፣ ይቀባል፣ ይፋቃል፣ ይቀባል። ስድስት ጊዜ ደገመው። ጠዋት በማለዳ፣ መኪና አቧራ ሳያስነሳ፣ ወለሉን ውኃ ረጭቶ። በመጨረሻ 2,000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ፣ ከዚያ ማወልወያ። መስታወት ሆነ። አንዲት ትንሽ ዝንብ አምስተኛው ቅብ ላይ አርፋ ቀርታለች። ላውጣት አለኝ፤ ተዋት አልኩት። ከሬዲዮው በላይ ናት።

የቀረው ክዳኑ ነው።

አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ የመለዋወጫ ሱቆችን ዞሮ ያገኘው የእንጨት ሥዕል የታተመበት ስቲከር ነው። ሻጩ «ከእንጨት ይበልጣል፤ አይላጥም» ብሎታል። የሌላ አሮጌ መኪና ክዳን ከውጭ ማስመጣትም ይቻል ነበር። ዋጋውን ሰምቼ ዝም አልኩ። ቢመጣም መስመሩ ከኔው ጋር አይገጥምም፤ እንጨት እንደ ጣት አሻራ ነው። ወራት አለፉ። ዳሽቦርዱ ተገጥሞ፣ መሃሉ ላይ የተጋጠ ክዳን እንደ ወለቀ ጥርስ ቀረ።

መንገድ በተከፈተ በአንድ ሳምንት ቢቸና ወዳለው አጎቴ ሄድኩ። ለሌላ ጉዳይ ነው። አጎቴ ከአያቱ የወረሰው የብራና ዳዊት አለው። ጠዋት ደግሞት ሲያስቀምጠው ዓይኔ ገበታው ላይ አረፈ። ገበታ የሚባለው መጽሐፉን ከፊትና ከኋላ የሚይዘው የእንጨት ልባሱ ነው። የፊተኛው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። አንድ ሰው፣ መቼ እንደሆነ አጎቴም አያውቅም፣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በስቶ በጅማት ሰፍቶታል። እንደ ተሰፋ ቅል። ስፌቱን ለመደበቅ ምንም አልተሞከረም። ጅማቱ በእጅ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል።

«አዲስ ገበታ ለምን አልተደረገለትም?» አልኩት።

አጎቴ ጥያቄው አልገባውም። ዳዊቱን አገላብጦ አየው።

«ለምን ይደረግለታል? ይዟል እኮ» አለኝ።

ወደ ማርቆስ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ክዳኑ ሳስብ መጣሁ። እናቴ ከማድ ቤቱ ጀርባ አንድ የወይራ ቋሚ አላት። ከድሮው አጥራችን የተነቀለ ነው። ወይራ ምስጥ አይደፍረውም፤ ከስንት ዓመት በኋላም ልቡ ደህና ነው። እናቴ በምሳር እየፈለጠች የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ታጥንበታለች። ልቡ ላይ ከቢጫ ወደ ቡናማ የሚሄዱ ጥቋቁር መስመሮች አሉት። እንደ ዜብራኖ ቀጥ ያሉ አይደሉም። ይጠማዘዛሉ፤ ጢስ ይመስላሉ።

«ለመኪና?» አለችኝ ስጠይቃት። «ማጠኛዬን ልትጨርሰው ነው?»

አንድ ክንድ ሰጠችኝ።

ሽማግሌው አናጺ ወይራውን ሲያዩ ሳቁ። «ይሄ እልኸኛ ነው» አሉ። በሁለት ሚሊ ውፍረት ሊሰነጥቁት ሞከሩ። የመጀመሪያው ተቃጠለ። ሁለተኛው መሃል ላይ ተሰበረ። ሦስተኛውም እንዲሁ። መጋዙ ሲያቃጥለው ቤቱ በሙሉ የታጠነ ጋን ሸተተ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ አንገቱን አስገብቶ «ጠላ ደረሰ እንዴ?» ይላል። ዜብራኖው እንዴት እንደ ሸተተኝ ትዝ አለኝ። አራተኛው ቁራጭ ሳይሰበር ወጣ።

ወይራ ቅባት ስላለው ኮላ በቀላሉ አይዘውም። ከመለጠፌ በፊት በቲነር ጠረግሁት። አሁን የምለጥፈው ራቁቱን በቀረ ብረት ላይ ስለሆነ ነጭ ኮላ አያዋጣም፤ ሁለት ቱቦ የሚደባለቀውን ኢፖክሲ ተጠቀምኩ። ብረቱን አስቀድሜ በሸካራ ወረቀት ጫርኩት፤ እንዲይዝ። ሲደርቅ በስባሪ መስታወት መፋቅ ጀመርኩ። ሁለት ሚሊውን ወደ አንድ፣ ከአንድም ዝቅ ለማድረግ አራት ማታ ፈጀብኝ። ማሽኑ እኮ ከዚያው ሰፈር፣ ሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ነበር።

ክሊር አላስቀባሁትም። ማር ተራ ሄጄ ሰም ገዛሁ። አቅልጬ በጨርቅ አሸሁት። (እሺ፣ ሰሙን ጠቀስኩት። ወርቁን ግን አትጠብቁ።) ሰም እንደ ክሊር አይከላከልም፤ በየዓመቱ መታሸት ይፈልጋል። ታሽቶ ሲያበቃ ግን መስመሮቹ ከውስጥ ተነሱ። ስገጥመው ከላይ ያለው ዜብራኖ በቀጥታ ይወርድና ክዳኑ ላይ ሲደርስ ይጠማዘዛል። ማንም ሰው ሌላ እንጨት መሆኑን ከሩቅ ያያል።

ባለፈው የካቲት ሉማሜ ዝክር ነበረን። እናቴን ከፊት አስቀመጥኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ዳሽቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ቃኘች። ክዳኑ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ያቺ ቋሚ ናት?»

«እሷ ናት።»

በጣቷ ቋ ቋ አደረገችው። ያኔ ነው ሁሉንም የነገርኳት። ለበጣ መሆኑን፣ ግማሽ ሚሊ መሆኑን፣ ከሥሩ ብረት መሆኑን። እንዳይከፋት እየፈራሁ።

«እሱን ማን አጣው?» አለችኝ። «አባትህ የገዛት ሰሞን ሬዲዮ ሲያስገባ ተፈቶ አይቶታል።»

«ታዲያ ለምን ሙሉ እንጨት ነው ይል ነበር?»

«ሻጩ ሙሉ እንጨት ነው ብሎ ዋጋ ጨምሮበት ነዋ! ተሸወድኩ ብሎ ያውራ? ነጋዴ አይደለም እንዴ?»

ከአምበር እስክናልፍ ድረስ ሳቅን። ሉማሜ ልንገባ ስንል ጥላ የዘረጉት ሰዎች ከሩቅ ታዩ። እናቴ እጇን ወደ መተርኮሻው ላከች። ቀጭ። ባዶ ነው።

«ሳንቲሙን የት አደረስከው?»

«ቤት ነው። እንቁላል ካርቶኑ ውስጥ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ አሥር ብር አወጣችና በመስኮት ሰጠች፤ ባርከው አሳለፉን። ቋጠሮውን ልትመልስ ስትል የአንድ ብር ሳንቲሞች አየችበት። ሦስት ነበሩ። መተርኮሻው ውስጥ አንድ በአንድ ጥላ ክዳኑን ዘጋችው።

«የመንገድ ነው» አለችኝ። «እንዳትነካው።»